ፏፏቴው ከብሩ ላይ የወረደበት ዓመት

ጢስ ዓባይን መጀመሪያ ያወቅሁት በኪሴ ነው። የድሮዋን የወረቀት አንድ ብር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ፊቷ ላይ ልጅ እግር፣ ጀርባዋ ላይ ወፎችና ፏፏቴ። ያቺን ብር አጣጥፈን ካልሲ ውስጥ ደብቀን፣ ስትቀደድ ፕላስተር ለጥፈን፣ የታክሲ ረዳት «ይቺ አትሠራም፣ ቀይር» ሲለን ተከራክረን ነው ያደግነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ አንድ ቀን ብሯን አገላብጦ አየና «ይሄ ውኃ እውነት ነው ወይስ ዝም ብሎ ሥዕል?» አለኝ። እኔ ደግሞ እንደሚያውቅ ሰው ኮራ ብዬ «እውነት ነው፣ ጎጃም ነው ያለው» አልኩት። ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

እንደገና የተከፈተው ጥር 2005 ዓ.ም. ነው። (ከአሁን በኋላ «ዓ.ም.» ያልኩበትን በእኛ አቆጣጠር፣ ዝም ብዬ ያለፍኩትን በፈረንጆቹ ያዙልኝ። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. ስደረድር እናንተም እኔም እንሰለቻለን።) ባሕር ዳር ለጓደኛችን ሠርግ ሄደን ነበር። በማግስቱ ከሠርገኛው ሦስታችን ተነጥለን፣ እንቅልፋችንን ሳንጠግብ ሚኒባስ ተኮናትረን ወጣን። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ አቧራው ግን የመቶ ነበር። ጢስ ዓባይ ከተማ ደርሰን ቲኬት ቆርጠን፣ አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላው አንድ አስጎብኚ ልጅ ተቀበለንና «ጋሼ» እያለ ከፊት ከፊት ይመራን ጀመር። (ጋሼ! ያኔ ገና ሃያ አምስቴን አልደፈንኩም።)

መንገዱ መጀመሪያ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ያወርዳል። «የፖርቹጋል ድልድይ ነው፤ በኖራና በእንቁላል ነው የተሠራው» አለን ልጁ። እንቁላሉን ለእሱ እተወዋለሁ፤ ድልድዩ ግን በ17ኛው ምዕተ ዓመት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ መሆኑን የታሪክ ሰዎች ይነግሩናል። ሞጣ በኩል ካለው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ከፈረሰው «ሰባራ ድልድይ» ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ይኼኛው ቆሞ ገበሬ፣ አህያና ቱሪስት ያሻግራል። ከሥሩ ያለውን ጎን ብሎ ማየት ነው። ስንት ዘፈን የተዘፈነለት ዓባይ በአንዲት የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ ያልፋል። ልጅ ድንጋይ ቢወረውር ያሻግራታል።

ከድልድዩ ወጥተን አቀበቱን ጨርሰን ከፏፏቴው ፊት ለፊት ቆምን። ጥቁር ግድግዳ፤ ሰፊ፣ ረጅም፣ እርቃኑን የቀረ። በአንደኛው ጥግ በኩል አንዲት ነጭ የውኃ ገመድ ተንጠልጥላለች። ጓደኛዬ ካሜራውን አውጥቶ ግራ ቀኝ ካየ በኋላ በጣም በትሕትና «ፏፏቴው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ መሬት መሬት እያየ «ዛሬ ትንሽ ቀንሷል፣ ጋሼ» አለ። «ምን ሆኖ?» ስንለው እጁን ወደ ሰሜን ምዕራብ ወደ ጣና አነሣና «ወደ በለስ ሄዷል» አለን፤ ሥራ ፍለጋ ከቤት ስለወጣ ዘመድ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው እንግዲህ ስለዚህ ፏፏቴ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት። መጀመሪያ የገረመኝ ነገር፣ ስለ ጢስ ዓባይ የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ እርስ በርሳቸው «ውሸታም» የሚባባሉ ፈረንጆች ታሪክ መሆኑ ነው።

አንደኛው ፖርቹጋላዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ጀሮኒሞ ሎቦ ነው። በ1625 መጥቶ እስከ 1634 አገራችን ቆየ። ፏፏቴውን ሄዶ ማየት ብቻ አይደለም፤ ከሚወርደው ውኃ መጋረጃ ጀርባ ገብቶ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በውኃው ውስጥ ቀስተ ደመና እንዳየ ጻፈ። ሎቦ የጻፈውን በ1735 ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ገና ስሙ ያልታወቀ፣ ገንዘብ የቸገረው አንድ ወጣት ነበር፤ ሳሙኤል ጆንሰን። ኋላ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አባት የተባለው ጆንሰን የመጀመሪያ መጽሐፉ ይህ ትርጉም ነው። በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የጻፈው «ራሴላስም» ዘሩ የተዘራው እዚህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የራስ ሚካኤል ስሑል ጦር ወደ ደቡብ ሲዘምት አብሮ ወጥቶ ፏፏቴውን አየ፤ «የአላታ ፏፏቴ» ይለዋል። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ውኃው ሞልቶ ነበር። ድምፁ እንዳዞረው፣ የውኃው ጢስ ከላይም ከታችም ወንዙን ሸፍኖት እንደነበረ፣ በዕድሜው ያየው ከሁሉ የበለጠ ትዕይንት ይህ እንደሆነ ጽፏል። እዚህ ድረስ አምነዋለሁ። ከዚያ ግን ልኬት ውስጥ ገባ። ሚሲዮናውያኑ ቁመቱን 50 ጫማ ማለታቸው ተጋኗል ብሎ፣ እንጨት እየቀጣጠለ ለካሁ ይልና 40 ጫማ አደረገው፤ ወደ 12 ሜትር መሆኑ ነው። የፏፏቴው ቁመት ከ40 ሜትር በላይ ነው! ስፋቱን ደግሞ ከግማሽ ማይል በላይ አለው፤ እውነቱ ክረምት ሲሞላ 400 ሜትር ቢደርስ ነው። ቁመቱን በሦስት አካፍሎ ወርዱን በሁለት ያባዛ ሰውዬ ዘወር ብሎ ሎቦን ውሸታም ይለዋል፤ ከዚያ ውኃ ሥር ማንም ሊቀመጥ አይችልም ብሎ።

ብሩስ አገሩ ሲመለስ ምን ገጠመው? የለንደን ሰው ሳቀበት። ከቁም ከብት ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱን ማን ይመነው። ያው ሎቦን የተረጎመው ጆንሰን ጭራሽ ሰውየው ኢትዮጵያ መድረሱንም ተጠራጠረ። ብሩስ ተቀይሞ መጽሐፉን እስከ 1790 ሳያሳትም ቆየ። እኔ ለሎቦ አደላለሁ። ጥር ላይ እንዳየሁት ከሆነ ከዚያ መጋረጃ ጀርባ መቀመጥ ይቅርና ምንጣፍ አንጥፎ ቡና ማፍላት ይቻላል። ሁለቱም ምናልባት እውነታቸውን ነበር፤ አንዱ የበጋውን፣ አንዱ የዝናቡን ፏፏቴ ነው የሚያወራው።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ግን ስለ ፏፏቴው ሳይሆን ስለ ቁልፉ ነው። ቁልፉ ማለቴ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት በር ነው። ያንን በር የያዘ ፏፏቴውን ያበራል ያጠፋል።

እንግሊዞች ግብፅንና ሱዳንን ከያዙ በኋላ ዓይናቸው በዚህ በር ላይ ተተከለ። በግንቦት 1902 ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተፈረመው ውል ውስጥ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገባ። ለሱዳን የጥጥ እርሻ ውኃ ማጠራቀሚያ አድርገው ያሰቡት ጣናን ነበር። በታኅሣሥ 1925 ጭራሽ ከሙሶሊኒ ጋር ደብዳቤ ተለዋውጠው፣ «አንተ እኔን በጣና ግድብ ደግፈኝ፣ እኔም አንተን በባቡር ሐዲድህ እደግፍሃለሁ» ተባባሉ። ባለቤቱን የጠየቀ የለም። ራስ ተፈሪ ይህን ሲሰሙ በ1926 ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ። ሁለቱ ኃያላን በአደባባይ ስለተያዙ «እኛ እንዲህ ማለታችን አልነበረም» እያሉ አፈገፈጉ። ዲፕሎማሲ የሚሉት ይህ ነው! በ1927 ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ኒው ዮርክ ድረስ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባል የአሜሪካ ድርጅት ጋር ስለ ጣናው ግድብ ተነጋገሩ። ድርጅቱም ባለሙያ ልኮ ቦታውን አስጠና። በዚያው ዘመን ዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ በእግሩና በበቅሎው እየዞረ ካርታ ያነሣ ነበር። መጽሐፉ በ1936 ሲወጣ እንደ መንገደኛ ማስታወሻ ነው የሚነበበው፤ ዓባይ ዳር ካርታ የሚያነሣ ቆንስል ግን ለሽርሽር ብቻ ነበር ብዬ አላምንም።

ጣሊያን ወረረ፤ ወረቀቱ ሁሉ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ቁልፉም ከእኛው እጅ ሳይወጣ ቀረ። ይህን ሳነብ ኮርቻለሁ፤ አሁንም እኮራለሁ።

ከዚያስ? በ1961 ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተከፈተ። ፋብሪካ መብራት ይፈልጋል። በ1964 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከፏፏቴው በላይ ውኃውን በቦይ ጠልፎ፣ ገደሉን በጎን በኩል በቧንቧ አውርዶ፣ ተርባይን አዙሮ፣ ከታች መልሶ ለወንዙ ይሰጠዋል። ውኃው አይጠፋም፣ ፏፏቴው ላይ ግን አይወርድም። የመጀመሪያው ማመንጫ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ስለነበር ፏፏቴው ብዙም አልተሰማውም። የኛ እናቶችና አባቶች ፊቱ ቆመው፣ ሱሪያቸውን እንደ ደወል አስፍተው ፎቶ የተነሡት ያኔ ነው። በ1969 ዓ.ም. በወጣው አዲስ ገንዘብ የአንድ ብሯ ጀርባ ላይ የታተመውም ያ ሙሉው ፏፏቴ ነው።

በ1996 ጨረጨራ ላይ፣ ልክ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ፣ ባለ ሁለት መዝጊያ ግድብ ተሠራ። እንግሊዞች ዘጠና ዓመት ሙሉ ሲመኙት የነበረው በር ማለት ነው፤ እኛ ሠራነው። በ2001 አምስት መዝጊያ ተጨመረና ሰባት ሆነ፤ በዚያው ዓመት 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ይኼኛው ጠጪ ነው። በበጋ የሚለቀቀው ውኃ አብዛኛው ወደ ቦዩ ገባ፤ ገደሉ ጥቁር ግድግዳውን ያሳይ ጀመር። በ2003 ድርቁና ለኃይል የተለቀቀው ውኃ ተደምሮ ጣና ራሱ ሸሽቶ የሐይቁ መርከቦች ወደብ ላይ ቆሙ። ያንን በር ቀድሞ የሚያውቁት የሰነድ ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ዓሣ አጥማጁም አወቀው።

በግንቦት 2010 የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። 460 ሜጋ ዋት፤ በጊዜው ከአገሪቱ ማመንጫዎች ትልቁ። ይህ ደግሞ ውኃውን ወደ ፏፏቴው ጎረቤትም አያመጣውም፤ ከጣና በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስደዋል። ዓባይን የሚያገኘው ሩቅ ቆላ ወርዶ ነው። ልጁ «ወደ በለስ ሄዷል» ያለን ለካ ቃል በቃል ነው።

ግንቦት 2010 በእኛ ግንቦት 2002 ዓ.ም. ነው። አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ካለ ያችን ባለ ሁለት ቀለም የአንድ ብር ሳንቲም አውጡና እዩዋት። በላይዋ ላይ የተጻፈው ዓመት 2002 ነው። የወረቀቷን ብር የተካች እሷ ናት። በአንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላው በኩል ሚዛን። ወፎቹም ፏፏቴውም የሉም። ማንም አስቦበት ያደረገው አይመስለኝም፤ ወረቀት ቶሎ ስለሚያልቅ ነው ሳንቲም የመጣው። ግን ፏፏቴው ከገደሉም ከብሩም ላይ የወረደው በአንድ ዓመት መሆኑን ሳውቅ ለሰው ሳልናገር ማደር አልቻልኩም።

አሁን «ታዲያ መብራት አንፈልግም ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። ይህን የምጽፈው በመብራት ነው፤ ትናንት ማታ ሲጠፋም ከሁላችሁም በላይ የተሳደብኩ እኔ ነኝ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ከ1902 እስከ 1927 ስለዚያ በር የተጻፈውን ስታነቡ ስለ ጥጥ አለ፣ ስለ ጎርፍ አለ፣ ስለ ድንበር አለ። ቁልፉ እጃችን ሲገባ ደግሞ የተነጋገርነው ስለ ሜጋ ዋት ነው። ስለ ፏፏቴው መንገደኛ እንጂ ባለ ቁልፍ አልተናገረም።

ፏፏቴ ደግሞ ለፎቶ ብቻ አይደለም። ያን ዕለት ልጁ ከገደሉ ፊት ለፊት ካለው ጉብታ ሥር ወደሚገኘው ጫካ ይዞን ወረደ። «ድሮ እዚህ ለመቆም ላስቲክ መልበስ ነበረብህ ይላል አባቴ» አለን። ስሙን ያወጣለት ያ ጢስ ነው ጫካውን ያበቀለው። የአካባቢው ደጋና ወይና ደጋ ጥቅምት ላይ ዝናቡን ተሰናብቶ እስከ ግንቦት ሲደርቅ፣ ከገደሉ ሥር ግን ቀንና ሌሊት ያለ ደመና ያካፋ ነበር። ዋርካው፣ ሾላው፣ ዋንዛው በበጋ መሐል ክረምት ላይ እንዳሉ ሆነው ኖሩ። በድንጋዩ ላይ እንሽላሊት የመሰለ አረንጓዴ ሸማ፤ በቅርንጫፉ ላይ ጦጣ። ባየሁት ጊዜ ጦጣዎቹ አሉ፤ ሙዝ የያዘ ቱሪስት ከሩቅ ይለያሉ። ከዋርካው ላይ አንዲት ጉንጯ ነጭ፣ ገላዋ አረንጓዴ ወፍ ተነሥታ ክንፏን ስትዘረጋ ደማቅ ቀይ ብልጭ አለና ማዶ ተሻገረች። ሦስታችንም ከአፋችን ቃል አልወጣም። ከእግራችን በታች ግን ሣሩ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤ ከገደሉ ርቀው የቆሙት ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈዋል። ከፍ ብሎ ባለው ማሳ ላይ ጫት በፓምፕ ውኃ ይጠጣል።

ያላሰብኩት ነገር ደግሞ ከመጽሐፍ አገኘሁ። ያ ገደል የጣና በር ጠባቂ ነው። ከታች ያለ ዓሣ ያንን ግድግዳ ወጥቶ ጣና መግባት አይችልም። ስለዚህ ጣና ውስጥ ያሉት ዓሦች ለብቻቸው ተዘግቶባቸው፣ ለብቻቸው ተዋልደው፣ የካርፕ ዘመድ ከሆነ አንድ ወገን ብቻ ከአሥር በላይ ዓይነት ተፈጥሯል፤ አንዳንዱ ዓሣ በሊታ፣ አንዳንዱ ዝቃጭ ለቃሚ፣ አብዛኞቹም ከጣና በቀር ዓለም ላይ የትም የሉም። የቪክቶሪያን ሐይቅ ያየ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እዚያ በ1950ዎቹ ሰው የናይል ፐርችን አምጥቶ ጨመረና በመቶ የሚቆጠሩ የአገሬውን ዓሣ ዓይነቶች አስበላ። ጣና የተረፈው በዚህ ግድግዳ ነው። ውኃ ወረደበትም አልወረደበትም፣ ገደሉ ይህን ሥራውን ይሠራል። በ2015 ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ክልል ብሎ ሲመዘግበው እነዚህ ዓሦች ከነሙሉ መብታቸው እንደገቡ እቆጥራለሁ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ተመረቀ። (ይህንንም ከጢስ ዓባይ ጋር የሚያገናኙት አሉ፤ ግድቡ ያለው እዚያ ማዶ ሱዳን ጠረፍ ላይ ነው፤ ፏፏቴውን አይነካውም።) አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ተደምረው 84 ገደማ፤ ስልሳ አንደኛው እጅ ማለት ነው። በለስ 460 ነው፤ እሱን ተዉት ማለት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ስንት መዝጊያ፣ በየትኛው ወር፣ ለስንት ሰዓት ለፏፏቴው ይከፈታል የሚል ጥያቄ አሁን የቅንጦት አይመስለኝም። ቢያንስ በሩ ላይ የሚለጠፍ ፕሮግራም ቢኖር ልጁም እኛን «ትንሽ ቀንሷል» እያለ መሬት መሬት ባላየ።

ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሞልቶ ነበር። ያንን አልገልጸውም፤ ብሩስም በእንጨት ለክቶት አልሆነለትም። ሸሚዜ እስኪጨመቅ ድረስ ረጥቤ፣ ጆሮዬ ተደፍኖ ቆምኩ። ልጁ አድጎ ጎረምሳ ሆኖ አገኘሁት። ጆሮዬ ሥር ገብቶ በጩኸት «ጋሼ፣ ስትመጣ መጀመሪያ ደውልልኝ፣ ካለ አለ እልሃለሁ» አለኝና ቁጥሩን ሰጠኝ። ስልኬ ላይ «ፏፏቴ» ብዬ መዘገብኩት።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በክልሉ ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ እንደ ድሮው ተነሥቶ መሄድ የለም፤ እንግዳም ስለጠፋ ሥራውን ቀይሯል። በዓል ሲሆን ግን እደውልለታለሁ። መጀመሪያ ስለ እናቱ እጠይቃለሁ፤ ቀጥሎ «አለ?» እለዋለሁ። ባለፈው ጥምቀት «የለም፣ ጋሼ። ጦጣዎቹ ግን አሉ» አለኝ።